ጾሙ ገባ፣ የገና ከረጢት ስፌት ተጀመረ (እናንተስ ቤት?)

የማራኪዋ · ኅዳር 18

ጤና ይስጥልኝ። ኅዳር 15 ጾሙ ሲገባ እኛ ቤት የእግር መኪናዋ አቧራዋ ተራግፎ ሳሎን መሃል ትጎለታለች። ይኸው ዘንድሮም ተጎለተች። ባለቤቴ እግሩን ሲያጋጭና ሲነጫነጭ ስሰማ ነው ገና መቃረቡ የሚገባኝ።

ለማያውቅ ልንገር። እኛ የገና ስጦታ በወረቀት አንጠቀልልም። በጨርቅ ከረጢት ነው። ከረጢቱን ራሳችን እንሰፋለን፣ በዓሉ ሲያልፍ ይመለሳል፣ ለከርሞ ሌላ ነገር ይዞ ሌላ ቤት ይሄዳል። የጀመርነው በ2010 ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት እዚሁ ጎንደር ፒያሳ ወጥቼ የሚያብለጨልጭ መጠቅለያ ገዝቼ መጣሁ፣ የልጆቹን፣ የእህቶቼን፣ የአማቼን፣ የሁሉንም እስከ እኩለ ሌሊት ስጠቀልል አመሸሁ፣ ጠዋት ልጆቹ ሁለት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ብጭቅጭቁን አወጡት። ሰብስቤ ከሰል ላቀጣጥልበት ብል ላዩ ላስቲክ ነው መሰል ተኮማትሮ ቤቱን በሽታ ሞላው። አማቴ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ይዘው "ብርሽን ነው ያጨስሽው?" አሉኝ።

በዓመቱ አንድ ያረጀ ቀሚሳቸውን ይዘው መጡ። "ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባል የለ? ይሄ ስንት ጥምቀት ሆኗል፣ አሁን ይበጣጠስ" ብለው መቀሱን አነሱ። ከዚያ ቀሚስ አምስት ከረጢት ወጣ።

እያንዳንዱ ከረጢት ታች ጥጉ ላይ በቀይ ክር ዓመቱ ይጠለፍበታል። የሚጠልፉት ልጆቹ ናቸው፣ ስለዚህ 2 ቁጥር አንዳንዴ ተገልብጣ ትገኛለች። በ2016 ትልቋ ልጄ ቀኑንም ካልጻፍኩ ብላ "ታኅሣሥ 29" ብላ ጠለፈች። ያ ዓመት ዘመነ ዮሐንስ ነበር፣ ገና የዋለው በ28 ነው! እንፍታው ስንል አማቴ "ተዉት፣ እሷም ገናዋን ታክብር" አሉ። አሁን ልጁ ሁሉ የሚመኘው ያንን ከረጢት ነው። ውስጡ ያለው ነገር ትዝም አይለው።

እስከ ዛሬ 40 ሰፍተናል። ትናንት ስቆጥር ቤት ያለው 23 ነው። 17ቱ የት ገባ? የ2016ቱም የለም።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ሰው ቅር ሳይለው ከረጢቱን እንዴት ነው የምታስመልሱት? ደግሞ የአፉ ገመድ ማሳለፊያ ጫፉ ላይ ሁልጊዜ ይተረተርብኛል። ምን ላድርግ?

አራዳ_ነኝ · ኅዳር 18

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ፣ እኔ ግን ኅዳር ላይ ሰማሁ። እኛ ልጅ ሆነን ገና ማለት ሩር ማባረር ነበር። ከሰዓት ዱላችንን ይዘን ወጥተን ማታ ቅልጥማችን አብጦ እንገባለን፣ "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ስለሚባል የመታም የተመታም አይካሰስም። አዲስ ልብስ ከተገዛም ለጥምቀት ይቆይ ተብሎ ሳጥን ይገባል። አሁን ስጦታ ብቻ ሳይሆን የስጦታ ልብስም መጣ? ስጦታው ለብሶ እኛ ልንታረዝ ነው።

የፈረንጅ ነገር ነው፣ አትታለሉ። የ2016ቱ ግን አሳቀኝ።

እመት_ጥለት · ኅዳር 19

አራዳ ልጄ፣ ያንተ ገና ሩር ነበር፣ እውነትህን ነው። ሴቶቹ ጓዳ ምን ይሠሩ እንደነበር ግን አላየህም።

እናቴ ከሳሙና በር ተነስታ አዘዞ እህቷን ልትጠይቅ ስትሄድ ባዶ እጇን ሄዳ አታውቅም። ድፎው በታጠበ ጨርቅ ይጠቀለላል። ወጡና እንጀራው በአገልግል ይሆናል፣ ክዳኑ በጠፍር ጥፍር ተደርጎ ይታሰራል። ወረቀት የት ነበረና? ፌስታልስ የት ነበር? ታዲያ አገልግሉን ማንም ወስዶ አያስቀረውም። ይመለሳል። ግን ባዶውን አይመለስም። አክስቴ ሲኖራት ቆሎ፣ ሲኖራት ጌሾ ትጨምርበታለች። ያጣች ዕለት አንድ ሎሚ ጣል አድርጋ ትሰደዋለች። ሎሚዋ ብቻዋን አገልግሉ ውስጥ ስትንከባለል ድምጿ ዛሬም ይሰማኛል። እናቴ ሎሚዋን አውጥታ አሽትታ "እህቴ ደህና ናት" ትላለች።

ስለዚህ የማራኪዋ፣ "ከረጢቴን መልሱ" ብትዪ ሰው ይከፋዋል፣ ስስታም ትባያለሽ። "ባዶውን እንዳትመልሱት" በያቸው። ያኔ ተራው የእነሱ ይሆናል።

የማራኪዋ · ኅዳር 19

እመት፣ ዕድሜ ይስጥልኝ! እንዴት ይሄ ሳይመጣልኝ ቀረ? አማቴም የሰው ዕቃ ባዶውን አይመልሱም። ለዕቃ ስናደርገው የኖርነውን ለከረጢት አላሰብነውም። አንቱ ባይነግሩኝ ዘንድሮ በየከረጢቱ ላይ "ይመለስ" ብዬ ልጠልፍበት ነበር። ውይ እፍረት!

ሥራ_ፈት · ኅዳር 19

እኔ ግን ልናዘዝ። "ባዶ አይመለስም" እየተባለ እኔ ቤት ሁለት ዓመት የተቀመጠ የጎረቤት አገልግል አለ። ዛሬ ልሙላው ነገ ልሙላው እያልኩ። አሁን ጭራሽ ሁለት ዓመት አስቀምጦ በአንድ ሎሚ መመለስ አሳፈረኝና ጠቦት ካልገባበት የማይሆን መሰለኝ።

እመት_ጥለት · ኅዳር 19

ሎሚ ይበቃል ልጄ። ዛሬውኑ ውሰደው።

ክር_በመርፌ · ኅዳር 20

የገመድ ማሳለፊያው ላይ ልግባ። ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ከ20 ዓመት በላይ መርገጫው ላይ ነው ያለሁት። የሚተረተርብሽ የጎኑን ስፌት እስከ አፉ ድረስ ወስደሽ ኋላ ለገመዱ ስለምትቀጂው ነው። አይደለም? ስንቱን አስተካክያለሁ።

እንዲህ አድርጊ። አልቆ 30 በ40 ሴንቲ ሜትር ለሚሆን ከረጢት 33 በ88 ቁረጪ። አንድ ወጥ ይሁን፣ መሃሉን ስታጥፊው ታቹ ስፌት አይፈልግም። ከመቁረጥሽ በፊት ጨርቁን እጠቢው። አቡጀዲ ሳይታጠብ ከተሰፋ በመጀመሪያው እጥበት ይኮማተራል፣ ያን ጊዜ እኔን አትውቀሺ።

ጎኑን ሁለት ጊዜ ስፊ። መጀመሪያ ገጹን ወደ ውጭ አድርገሽ ግማሽ ሴንቲ ገባ ብለሽ። ከዚያ የተንጠለጠለውን ክር ከርክመሽ ገልብጪው፣ በጀርባው በኩል በ1 ሴንቲ ድገሚው። ጥሬው ጫፍ ሁለቱ ስፌት መሃል ተቀብሮ ይቀራል፣ ኦቨርሎክ አያስፈልግሽም። ግን ከላይ 8 ሴንቲ በሁለቱም ጎን እንዳትሰፊው! ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ስፌቱ የሚያልቅበት ላይ በመቀስ ትንሽ ጫር አድርጊና የቀረውን ክፍት ጫፍ ወደ ውስጥ አጥፈሽ ለብቻው ስፊው። እሱ ካለቀ በኋላ አፉን 1 ሴንቲ፣ እንደገና 3 ሴንቲ አጥፊ፣ የፊቱን ለብቻ የኋላውን ለብቻ ስፊ። አሁን በሁለቱም ጎን የማይተረተር ቀዳዳ አለሽ።

ገመዱ ሁለት ነው፣ እያንዳንዱ 80 ሴንቲ። አንዱ ከቀኝ ገብቶ ዞሮ በቀኝ ይወጣል፣ ሌላው ከግራ ገብቶ በግራ። ጫፉ ላይ መርፌ ቁልፍ ወግተሽ እየገፋሽ አሳልፊው። ሁለቱን ወገን ስትስቢ አፉ ግጥም ይላል።

ጠርሙስ ወይም ሣጥን ለመያዝ እንዲቆም ከፈለግሽ፣ ታች ሁለቱን ጥግ እንደ ሦስት ማዕዘን ቆንጥጠሽ 10 ሴንቲ የሚሆን አግድም መስመር ስፊበት። ቁመቱ በ5 ሴንቲ ያጥራል፣ አስቀድመሽ አስቢበት።

ቁርጥራጭ ጨርቅ የምትፈልጉ ደግሞ ልብስ ሰፊ ጋ ከሰዓት ሂዱ። ጠዋት ፊት አንሰጥም።

ጉማራ · ኅዳር 20

ወንድሜ፣ ጠዋት ብቻ ነው ፊት የማትሰጡት? ባለፈው ዓመት አንድ ልብስ ሰፊ ጋ (ስሙን አልጠራም) የእናቴን ጥለት ለስምንት ከረጢት ብዬ ሰጠሁት። ሳምንት አለኝ፣ ወር ሆነ። ለገና ዋዜማ ሲያስረክበኝ ስምንቱም ላይ ጥለቱ ታች መሆን ሲገባው አፉ ጋ ተሰፍቷል፣ ገመዱ ሲሳብ ጥለቱ ጭብጥብጥ ብሎ አይታይም። "እንዲህ ነው ፋሽኑ" አለኝ።

ክር_በመርፌ · ኅዳር 20

ከእኛ መስመር አይደለም በለኝ! ጥለት ሲኖር ታጥፎ ታች አንድ ላይ ስለማይመጣ ጨርቁን ሁለት ቦታ ቆርጦ ታቹን መስፋት ነበረበት። ሰንፎ ነው። አምጣው፣ ከበዓል በፊት ከሆነ እፈታልሃለሁ።

ዶርም_12 · ኅዳር 22

እኔ ተማሪ ነኝ፣ መኪና የለኝም። ለእናቴና ለሁለት እህቶቼ ለየአንዳንዳቸው መስፋት ፈልጌ ነበር። የእጅ ስፌት ግማሽ ኪሎ ቡና ይይዛል ወይስ መንገድ ላይ ይዘረገፋል?

እመት_ጥለት · ኅዳር 22

ይይዛል የኔ ልጅ። ክሩን እጥፍ አድርገው፣ በሰም አሽተው። ሦስት ስፌት ወደ ፊት ሄደህ አንዱን ወደ ኋላ መልስ። እንደዚያ እየቆለፍክ ከሄድክ አንዱ ቢበጠስ ሌላው አይከተለውም። ቡናውን ግን ሳይቆላ ላከው፣ እናትህ ትቁላው።

ሁለት_ገና · ኅዳር 24

እኔ ከጎንደር ከወጣሁ ቆየሁ። ልጆቼ ታኅሣሥ መሃል ላይ የፈረንጁን ገና ያከብራሉ፣ ከዚያ ሁለት ሳምንት ቆይቶ የእኛን። ለፈረንጁ ገና ወረቀት አለ፣ ሪባን አለ፣ ማታ ሁለት ትልቅ ጥቁር ከረጢት ቆሻሻ ከቤት ይወጣል። ለእኛው ገና እናቴ ከጎንደር የሰፋችውን ነው የምናወጣው። ቢያንስ ሁለተኛው ገና ቆሻሻ የለውም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለመንገደኛ ይጠቅማል። አንዴ ወደ አገር ቤት ስመጣ ስጦታውን ሁሉ አሳምሬ በወረቀት ጠቅልዬ ሻንጣ ውስጥ አስገባሁ። ፍተሻ ላይ ሁሉንም ቀደዱት። ሥራቸው ነው፣ አልፈርድም፣ ግን የአባቴ ሹራብ በተበጫጨቀ ወረቀት ውስጥ ሲደርስ አለቀስኩ። አሁን ገመዱን ፈትተው አይተው መልሰው ያስሩታል። አንዱ ፈታሽማ ጥልፉን አይቶ ምን ማለት ነው ብሎ ጠየቀኝ። "ገና" አልኩት። መልሶ ሲያስረው ከእኔ አሳምሮ አሰረው።

ስመለስ ደግሞ ያው ከረጢት በሶና ድርቆሽ ይዞ ይመለሳል። እመት እንዳሉት፣ ባዶውን አይመለስም።

ፌስታል_ጠላቱ · ኅዳር 25

ለገናም ብቻ አታድርጉት። በ1999 የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትር እና ከዚያ በታች የሆነ ፌስታል ከልክሎ ነበር፣ ማን ሰማ? በ2017 የጸደቀው ደግሞ የበረታ ነው፣ ፌስታል የያዘም ይቀጣል። እኔ ከገና የተረፉኝን ከረጢቶች ለሽንኩርትና ለድንች ገበያ ይዣቸው እሄዳለሁ። መጀመሪያ ሴቶቹ ሳቁብኝ። አሁን አንዷ "ከየት ገዛኸው?" አለችኝ።

የጥር_ሙሽራ · ኅዳር 27

ሁላችሁም ስትቆርጡ ደስ ትላላችሁ። እኔ ግን ነጠላ መቁረጥ ከብዶኝ ነበር፣ ላውጋችሁ።

እናታችን ካረፈች በኋላ ልብሷ ለነዳያን ተሰጠ። አንድ ነጠላ ብቻ ቀረ፣ ለቤተ ክርስቲያን የምትለብሰው፣ መሃሉ ሳስቶ እጅ የሚያሳይ። አምስት ነን። ማን ይውሰደው? ማንም አልጠየቀም፣ ማንም ግን ዓይኑን ከላዩ አላነሳም። አንድ ዓመት ሙሉ እኔ ሳጥን ውስጥ ነበር። ገና ሲቃረብ አወጣሁትና መሃሉን ትቼ ከጠርዙ፣ ጥለቱ ካለበትና ሽመናው ጠንከር ካለበት፣ አምስት ትንንሽ ከረጢት ቆረጥኩ። ስሱን ጨርቅ እንዲሸከም ውስጡን በአቡጀዲ ገበር አደረግሁለት። መቀሱ መጀመሪያ ሲገባ የተሰማኝን አልነግራችሁም።

ውስጡ ያደረግሁት ለየአንዳንዳቸው አንድ ጧፍና እሷ ትወደው የነበረ የደስታ ከረሜላ ነው። ሌላ ምንም። አራቱ በዓመቱ ተመለሱ፣ አሁንም ይዞራሉ። የታላቅ ወንድሜ አልተመለሰም። ተናድጄ ልጠይቀው ስል ባለቤቱ ቀደም ብላ ነገረችኝ። ዳዊቱን ይዞበታል። ማኅደር አድርጎታል፣ ትራሱ ሥር ነው የሚያድረው።

ስለዚህ የማራኪዋ፣ ከ17ቱ አንዳንዶቹን ባትፈልጊያቸው ይሻላል።

የማራኪዋ · ኅዳር 27

እንባዬ መጣ። አሁን መኪናዋ ላይ ነኝ፣ ክሩ አልታይ አለኝ።

አራዳ_ነኝ · ኅዳር 28

እሺ ተሸነፍኩ። ሚስቴ ይሄን አንብባ አራት የድሮ ሸሚዜን ቆልላ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለች፣ ሁለቱን አሁንም እለብሳቸው ነበር። ጥያቄ አለኝ፣ የሸሚዙን ቁልፍ እንዳለ ትቼ አፉን በቁልፍ የሚዘጋ ማድረግ ይቻላል? ገመዱ ከበደኝ።

ክር_በመርፌ · ኅዳር 28

እንዲያውም ይቀላል። ቁልፎቹን ቆልፍ፣ ሸሚዙን አንጥፈህ የፊቱንና የጀርባውን አንድ ላይ አራት ማዕዘን አድርገህ ቁረጥ፣ ቁልፉ መሃል ላይ ይዋል። የፊቱንና የኋላውን ገጽ ለገጽ ገጥመህ፣ ጀርባቸውን ወደ ውጭ አዙረህ አራቱንም ጎን ስፋ። ቁልፉን ፈትተህ በዚያ ገልብጠው። አለቀ። የደረት ኪሱን አትንቀለው፣ ለፖስታ ካርድ ይሆናል።

ሁለት_ገና · ታኅሣሥ 6

ማስጠንቀቂያ! ባዶ አይመለስም ብላ እህቴ ባለፈው ዓመት ነጩን ከረጢት በርበሬ ሞልታ ነው የመለሰችው። በፌስታል ሳታደርግ፣ እንዲሁ። አምስት ጊዜ አጠብኩት፣ አሁን ብርቱካናማ ነው። ዘንድሮ የሕፃን ልብስ ልላክበት አልኩ፣ ከሩቅ ያስነጥሳል።

የማራኪዋ · ጥር 2

እንኳን አደረሳችሁ፣ ቢዘገይም። ሰባቱንም አዲስ ከረጢት ገብርኤል ሳይደርስ ጨረስን። የክር በመርፌ ልኬት ፍንክች አላለም፣ የመጀመሪያው ላይ ብቻ 8 ሴንቲውን ረስቼ ፈታሁት። ወለቃ ሄጄ ለእህቴ ጀበና ገዝቼ ነበር፣ ታቹን ጠፍጣፋ ባደረግሁት ከረጢት ውስጥ ቆሞ ሄደ። አንገቱን በገመዱ ስናስረው ሙሽራ መሰለ።

"መልሱ" አላልኩም። "ባዶውን እንዳታመጡት" ብቻ አልኩ። ገና ሦስት ቀኑ ነው፣ አራት ተመልሷል። አንዱ ባቄላ ቆሎ፣ አንዱ ሁለት እንቁላል (በጨርቅ ከረጢት እንቁላል! አንዱ ተሰብሯል)፣ አንዱ ልጆች የሣሉት ሥዕል። አራተኛውን አማቴ ከፈቱ በኋላ ለረጅም ጊዜ አሸተቱት። ሎሚ ነው።

ታኅሣሥ 29 የሚለው ግን እስካሁን የለም።

የቁስቋሟ · ጥር 3

እታለም፣ ስምሽን ባትጽፊም የእግር መኪናዋና ባልሽ እግሩን ማጋጨቱ ላይ አውቄሻለሁ። እኔ ጋ ነው። ልጄ ብይ ይዞበታል፣ ልቀማው ስል ያለቅሳል። ደግሞ ምን ጨምሬ ልመልሰው እያልኩ ነው ሁለት ዓመት የሞላኝ። ለጥምቀት ስንመጣ ይዤው እመጣለሁ፣ ብዩን አራግፌ።

የማራኪዋ · ጥር 3

ኧረ እንዳታራግፊው! ከነብዩ ይምጣ።